ከተጋቡ በኋላ እንዴት ናቸው?

በምዕራቡ ዓለም የኅትመት ገበያ «ሮማንስ» የሚባለው የፍቅር ልቦለድ ከአንባቢው ጋር የገባው ውል አለ። የአሜሪካ የሮማንስ ደራስያን ማኅበር ዘርፉን የሚበይነው በሁለት ነገር ነው፤ ማዕከሉ የፍቅር ታሪክ መሆን አለበት፣ ፍጻሜውም ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። አንባቢ መጽሐፉን ሲከፍት መጨረሻውን ያውቀዋል። ገጽ የሚያስገልጠው «ይሆን ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ሳይሆን «እንዴት ሆነ?» የሚለው ጉጉት ነው። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ውሉ ይፈጸማል፤ ተረቱ ይመለሳል፣ አፍም በዳቦ ይታበሳል።

ይሁን እንጂ ውሉ ከተፈጸመ በኋላ የሚመጣ አንድ ትንሽ ጽሑፍ አለ። ሃያ ሠላሳ ገጽ ቢሆን ነው፤ አንዳንዴ ከዚያም ያንሳል። ደራሲዋ ለታማኝ አንባቢዎቿ በነጻ ትልከዋለች፣ ወይም በበዓል ሰሞን ታወጣዋለች። ጥንዶቹ ከተገናኙ ቆይተዋል፣ ተማምለዋል፣ አንድ ቤት ገብተዋል። አዲስ ባላንጣ አይመጣም፣ የቆየ ምሥጢር አይፈነዳም። እንግዳ ለእራት ይመጣል፤ አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፤ ሌላው ከጉዞ ደክሞ ይመለሳል፤ ሳህን ማን ይጠብ በሚለው ይነታረካሉ፤ ከዚያ ይተኛሉ። ሐያስያን ይህን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ አይቆጥሩትም፤ ለአንባቢ የሚጣል ከረሜላ ነው ይሉታል። ግን ከረሜላው ውስጥ ፍልስፍና ሁለት ሺህ ዓመት ያልጨረሰው ጥያቄ አለ። ደስታ ይተረካል ወይ?

ይህ ዓይነቱ አጭር ተከታይ በጣም የሚወደድበት ሰፈር ብዙ የአማርኛ አንባቢ ያልደረሰበት ነው፤ ስለ ተዋደዱ ሁለት ወንድ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች የሚጻፈው የሰሜን አሜሪካ የፍቅር ልቦለድ። ከታወቁት ጸሐፊዎች አንዷ የኖቫ ስኮሺያዋ ካናዳዊት ሬቸል ሪድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው «ጌም ቼንጀር» የኒው ዮርክ ቡድን አምበል ዋንጫ ባነሳበት ምሽት፣ በዚያ ሁሉ ተመልካች ፊት፣ የጭማቂ ቤት ሠራተኛ የሆነውን ፍቅረኛውን በረዶው ላይ ጠርቶ ይስመዋል። በ2019 የወጣው «ሂትድ ራይቨልሪ» ደግሞ ካናዳዊው ሼንና ሩሲያዊው ኢልያ፣ በጋዜጣ የሚታወቁት በጠላትነት ሲሆን፣ ለዓመታት በሆቴል ክፍሎች ተደብቀው ሲገናኙ ይተርካል። በ2025 መጨረሻ በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ሆኖ ሲቀርብ ስለ ሆኪ ምንም የማያውቅ ሰው ሁሉ ስማቸውን ለመደው። ሪድ ስለ እነዚሁ ሁለት ሰዎች «ከሄይደን ጋር ያደረግሁት እራት» የሚል አጭር ጽሑፍም አላት። ሄይደን የሼን የቅርብ ጓደኛ ነው። የነገሩ ልክ እራት መሆኑን ርእሱ ራሱ ይናገራል።

አርስቶትል በሥነ ግጥም መጽሐፉ ሴራ ያለ ለውጥ እንደማይቆም ያስረዳል፤ ሰው ከደስታ ወደ መከራ ወይም ከመከራ ወደ ደስታ መሻገር አለበት። የደረሰ ሰው፣ ደርሶም ያለ ሰው፣ ታሪክ የለውም። ሄግል ይህንኑ ለሕዝቦች ሲያውለው የደስታ ዘመናትን የታሪክ መጽሐፍ ባዶ ገጾች አድርጎ ቆጠራቸው። በዚህ መስፈርት ሼንና ኢልያ ሆቴል ውስጥ ሲደበቁ ታሪክ ነበራቸው፤ እራት ሲያበሉ ግን ገጹ ባዶ ነው።

ነገሩን ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ኪርክጎር ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው «ወይ ይህ ወይ ያ» ውስጥ አንድ ዳኛ ትዳርን ለሚንቅ ወጣት ወዳጁ ረጅም ደብዳቤ ይጽፋል። የዳኛው ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው። ልብ ወለዱ የሚወደው ጀግና ዘንዶ ይገድላል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ሴቲቱን ያገኛል፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ቅጽበት ተጨምቆ ሊሳል ይችላል። ባል ግን ዘንዶ የለውም። የሚታገለው ጊዜን ነው፤ ጊዜ ደግሞ በአንድ ምት አይወድቅም። ማግኘት ለኪነ ጥበብ ይመቻል፤ ያገኙትን በየቀኑ እንደገና ማግኘት አይመችም፤ ምክንያቱም ውበቱ ያለው በድግግሞሹ ነው፣ ድግግሞሽ ደግሞ ቢጻፍ ያሰለቻል። ስለዚህ የትዳር ፍቅር ይኖራል እንጂ አይሳልም።

ዳኛው ግማሽ ልክ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የሪድ ራሷ ረጅም ተከታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ሼንና ኢልያ እንደገና ስትጽፍ፣ «ዘ ሎንግ ጌም» ብላ፣ ሙሉ ልቦለድ ነበር የጻፈችው። ሙሉ ልቦለድ ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል። ኢልያ ለፍቅሩ ሲል ወደ ደካማው የኦታዋ ቡድን ተዛውሮ በድብቅ እየኖረ የመንፈስ ጭንቀት ይጎዳዋል፤ የእናቱ አሟሟት ጥላ አብሮት ነው፤ ምሥጢሩ ሁለቱንም ይበላቸዋል። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ይሻላል። ይሁንና አራት መቶ ገጽ ለመሙላት ቤቱን ማፍረስ አስፈልጓል። ሳራይና ቦወንና ኤል ኬኔዲ በ«ሂም» ሁለት ሆኪ ተጫዋቾችን ካገናኙ በኋላ በ2016 «አስ» የሚለውን ተከታይ ሲጽፉ ያደረጉትም ይኸው ነው፤ አንዱን በብርቱ በሽታ ሆስፒታል አስገቡት። ረጅም ተከታይ ደስተኛ ሰዎችን ሰላም አይሰጣቸውም። ደራሲዋ ጨካኝ ሆና አይደለም፤ የገጹ ብዛት ያስገድዳታል።

የአጭሩ ተከታይ አጭርነት እንግዲህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ደስታ ሠላሳ ገጽ ድረስ ሳይሰበር ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ከተጫነ ይሰነጠቃል። ኪርክጎር ያላሰበው ይህን ይመስላል። ድግግሞሽን በሙሉ መሳል አይቻል ይሆናል፤ ጎራ ብሎ ማየት ግን ይቻላል። በአማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ግስ አለ። «ጠየቀ» ማለት መልስ ፈልጎ ጥያቄ አቀረበ ማለት ነው፤ «ጠየቀ» ማለት ደግሞ የታመመን፣ የወለደን፣ አዲስ ጎጆ የወጣን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ አየ ማለት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በመጀመሪያው ትርጉም ይጠይቃል፤ ይዋደዱ ይሆን? ይያዙ ይሆን? አጭሩ ተከታይ በሁለተኛው ይጠይቃል። አንባቢው ጠያቂ ሆኖ ይሄዳል፣ ቡናው እስከ በረካ ይጠጣል፣ «በሉ ደኅና ሁኑ» ብሎ ይነሳል። ጠያቂ ሰው ሦስት ወር አይቀመጥም። ሴራም ይዞ አይሄድም፤ የያዘው ዳቦ ነው።

የአማርኛ አንባቢ በፍቅር ታሪክ ረገድ ያደገው በሌላኛው ወገን ነው። በ1958 ዓ.ም የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍጻሜውን በርእሱ ላይ ጽፎታል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጎጆ አልወጡም፣ ጉልቻ አልጎለቱም፤ አንድ ላይ ያረፉበት ቤት መቃብር ነው። ፍቅራቸው ንጹሕ ሆኖ የቀረው በከፊል ማን ውኃ ይቅዳ ብለው ሳይጣሉ ስለ ቀሩ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ሰብለን ከዐሥር ዓመት በኋላ በዛብህ እያንኮራፋ ቡና ስትቆላ የሚያሳይ ሠላሳ ገጽ ቢጽፍ፣ ብዙው አንባቢ እንደ ድፍረት ይቆጥረው ነበር። ይህ ራሱ የሚገርም ነው። ምክንያቱም ቋንቋው ስለ ትዳር ሲናገር ከስሜት ይልቅ ዕቃ ይጠራል፤ ሦስት ጉልቻ ይላል፣ ጎጆ ይላል። የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ኪርክጎር አይሳልም ያለውን ነገር ሲስል ኖሯል። ልቦለዱ ነው መቃብሩን የመረጠው።

በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ታሪክ ግን መቃብሩ የደራሲ ምርጫ ብቻ አልነበረም። ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ»ን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1913 እና 1914 ነው፤ የታተመው ግን ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1971 ነው። በመካከሉ ያለው ግማሽ ምእተ ዓመት በላይ የሆነ ዝምታ ምክንያቱ አንድ ነው፤ መጨረሻው ደስተኛ ነበር። ፎርስተር በ1960 በጻፈው የማብቂያ ማስታወሻ ነገሩን በግልጽ ያስረዳል፤ ታሪኩ በገመድ ታንቆ በመሞት ወይም አብሮ ራስን በማጥፋት ቢያልቅ ኖሮ መጽሐፉን ማሳተም ይቀል ነበር፤ እሱ ግን ቢያንስ በልቦለድ ውስጥ ሁለት ወንዶች ተዋደው እንዲዘልቁ ቆርጦ ነበር። ያኔ የእንግሊዝ ሕግ ይህን ዓይነት ፍቅር በወንጀል ይቀጣ ነበር። እያዘኑ መሞት ይፈቀድላቸዋል፤ ቁርስ መብላት አይፈቀድላቸውም።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ደግሞ በዚያው ማስታወሻ ውስጥ አለ። ፎርስተር አጭር ተከታይ ጽፎ ነበር። ሞሪስና አሌክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጫካ ውስጥ እንጨት ቆራጮች ሆነው ሲኖሩ የሞሪስ እህት ኪቲ በአጋጣሚ ታገኛቸዋለች። ያነበቡት ወዳጆቹ ሁሉ አልወደዱትም፤ እሱም ጣለው። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የልቦለዱ ጊዜ 1912 አካባቢ ነው፤ «ከጥቂት ዓመታት በኋላ» ሲባል የአንደኛው ዓለም ጦርነት ይገባል፣ እንግሊዝም ሌላ አገር ትሆናለች። ጫካው ራሱ፣ ሰው ተሰውሮ የሚኖርበት ዱር፣ እያለቀ ነበር። ስለዚህ የተከታዩ ችግር የሴራ ማጣት ሳይሆን የቦታ ማጣት ነበር። የት ይኖራሉ? ለሚለው መልስ አልተገኘም።

የሪድ ገጸ ባሕርያት ኦታዋ ይኖራሉ። ሐይቅ ዳር ቤት አላቸው። ካናዳ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሕጋዊ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከሽንኩርት ክተፋው ትዕይንት ሥር፣ ገጹ ላይ ሳይጠራ፣ ያ ሕግ አለ፣ የቤት ስም ዝውውር አለ፣ ባንክ አለ። ደስታ የግል ነገር ይመስላል እንጂ መሠረቱ የሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሳል፤ ሊታለፍም አይገባም። የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ ከተመሠረተ ከ1917 ወዲህ፣ እየተጫወተ ሳለ ወንድ እንደሚወድ በይፋ የተናገረ ተጫዋች የለውም። በናሽቪል የተመለመለው ሉክ ፕሮኮፕ በ2021 ራሱን ሲገልጥ ትልቁ ሊግ ውስጥ ገና አልተሰለፈም ነበር። በ2023 ሊጉ ተጫዋቾች ዱላቸውን በቀስተ ደመና ቀለም ፕላስተር እንዳይጠቀልሉ ከለከለ፤ አንድ ተጫዋች ክልከላውን ጥሶ ከገባ በኋላ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። በጥቅልል ፕላስተር ላይ ይህን ያህል የተጨነቀ ተቋም ባለበት፣ ሁለት ሚሊየነር ኮከቦች እራት የሚያበሉበት ልቦለድ ውሸት አይሆንም? ደግሞም ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ የሌላ ሰው ያልተገኘ ሰላም ለእነሱ የማታ መዝናኛ ሆኗል ብሎ የሚከስ አለ።

የሀብቱ ነገር እውነት ነው፤ ሰላም በሐይቅ ዳር ቤት ልክ ሲሰፋ ድኻው ይረሳል። ፎርስተር ቢያንስ ጀግናውን ከአክሲዮን ድለላ ቢሮ አውጥቶ እንጨት አስቆርጦታል። የውሸትነቱ ክስ ግን ግቡን ይስታል። አጭሩ ተከታይ «ዛሬ እንዲህ ነው» አይልም። የሚለው «ይህ ሊጠየቅ የሚገባው ቤት ነው» ነው። አንባቢዋም ያልኖረችውን ፍርሃት በመጀመሪያው መጽሐፍ ሦስት መቶ ገጽ ተሸክማለች፤ እራቱ ትርጉም የሚያገኘው ያን ስለ ተሸከመች ነው። ፍርሃቱን ሳያነብ ተከታዩን ብቻ የሚያነሳ ሰው እውነትም የሚያየው ሁለት ሰዎች ሲበሉ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጥያቄው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። አማርኛ ለእነዚህ ሰዎች የሰጠው የተለመደ ስም «ግብረ ሰዶማዊ» ነው። ቃሉ ሁለት ነገር ይዟል፤ አንድ ድርጊትና አንዲት የተቃጠለች ከተማ። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ስሙም ሕጉም ሰውየውን የሚያውቁት በአንድ ቅጽበት ነው። የቀረውን ሃያ ሦስት ሰዓት፣ ኪራይ ሲከፍል፣ ለጓደኛው መድኃኒት ሲገዛ፣ ሲያኮርፍና ሲታረቅ፣ የሚጠራበት ቃል የላቸውም። «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለው አዲስ አጠራር ቅን ነው፤ ግን የቅጽ መሙያ ይመስላል፤ ማንም እናት ልጇን እንዲህ ብላ አትጠራም።

ሌላ ቃል ግን አለ። «ባለቤት»። ቤት ያለው፣ ቤት ያላት። ባልንም ሚስትንም ይጠራል፤ ቃሉ ራሱ ፆታ የለውም፤ ፆታውን የሚያጋልጠው ተከትሎት የሚመጣው ግስ ነው። «ባለቤትህ ደኅና ናት?» ሲባል «ናት» ላይ ነው ነገሩ የሚወሰነው። ግሱ በአክብሮት ከተነገረ ደግሞ ፆታው መልሶ ይጠፋል፤ «ደኅና ናቸው»። «ናቸው» አንድ የተከበረ ሰውም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዋስው አንዳንዴ ከተናጋሪው የበለጠ ርኅሩኅ ነው።

ከቶሮንቶ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ወደ አገር ቤት የሚደወለው ስልክ ሰላምታው ረጅም ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ቤቱ እንዴት ነው? ሥራው? ጎረቤት? ያቺ ታማ የነበረችው? ብርዱ አልከፋም? ይጠየቃል፣ ይመለሳል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። ከወንድ ጋር ስምንት ዓመት በአንድ ቤት ለኖረ ሰው ይህ ዝርዝር አንድ ቀዳዳ አለው። አብሮት የሚኖረው ሰው ከተነሳ «ቤት ተጋሪህ» ተብሎ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይነሳም። ማንም አልሰደበውም። ማንም ዘንዶ ሆኖ አልመጣበትም። ያልተጠየቀ ብቻ ነው። ሰውየው ቀዶ ጥገና ቢያደርግ፣ ሥራ ቢያጣ፣ ቢሞትም፣ ስልኩ ላይ የሚገባበት ዐረፍተ ነገር የለም። ልቅሶ ደራሽ የሚያገኝ ሐዘን ስሙ የታወቀ ሐዘን ነው።

ሃይማኖቱ ይህን ፍቅር ኃጢአት ነው የሚልለት አንባቢ እዚህ ላይ ይቆማል፤ መቆም መብቱ ነው፤ ክርክሩም በልቦለድ የሚፈታ አይደለም። ልዩነቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል። መመረቅና መጠየቅ አንድ አይደሉም። የአበሻ ሰላምታ የጸደቀውን ከኮነነው ለይቶ አያውቅም። የታሰረን ሰው ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ወንጀሉን አጽድቆ አይሄድም፤ ስንቅ ይዞ ይሄዳል እንጂ። በሥነ ምግባር ረገድ ከባዱ ነገር «እስማማለሁ» ማለት መስሎ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። «እንዴት ሰነበተ?» ማለት ይከብዳል፤ መልሱን ቆሞ መስማት ይጠይቃልና። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነው። ጀርባውን ያመዋል። መኪናው ተበላሽቶበታል። እናቱ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር።

ሐያስያን የሚንቁት አጭር ተከታይ ሥራው ይኸው ነው፤ ተራውን መልስ ቆሞ የመስማት ልምምድ። አንዳንዱ በደንብ ይሠራል፤ ብዙው ጣፋጭ ብቻ ነው፣ ቀልዱም ይረዝማል። ፎርስተር ጥሎት በኋላ የእጅ ጽሑፉ የተገኘው ምዕራፍም የተዋጣለት አይደለም። ኪቲ ወንድሟን በሥራ ልብስ ታየዋለች፣ ይነጋገራሉ፣ ነገሩ ይገባታል፣ ትሸሻለች።

ካልሸሸች ምን ትለው ነበር? እንጨቱ ዋጋ ያወጣል? ክረምቱን የት ነው የምታሳልፉት? ሳልህ ተሻለህ ወይስ እንደ ድሮው ነው? እሱስ፣ ጓደኛህ፣ ሻይ ይጠጣል ወይስ ቡና?